ምላጭ ሬዲዮ ያሰማል፣ ስልክ ግን አይሞላም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር ቪዲዮ አለ። ሰውየው የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል፣ አሮጌ ምላጭና የእርሳስ ስባሪ ያገናኛል፣ «ያለ ባትሪ፣ ከአየር ላይ በነጻ!» ይልና ኤልኢዲ አምፖል ያበራል። ቪዲዮውን የሚልኩልኝ ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ «ስልክም ይሞላል?»

አይሞላም። እኔን ያናደደኝ ግን ውሸቱ ቁም ነገሩን መቅበሩ ነው። ምላጭና እርሳስ በእርግጥ ያለ ባትሪ ይሠራሉ፤ የሚሠሩት ግን ሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ጣሊያን ውስጥ አንዚዮ ላይ የመሸጉ የአሜሪካ ወታደሮች በዚሁ ዘዴ ጉድጓዳቸው ውስጥ ሆነው ሬዲዮ ያዳምጡ ነበር።

አንቴናውና ጥምጥሙ ጣቢያ እንደሚመርጡ ማንኛውም የፊዚክስ መጽሐፍ ይነግራችኋል። ጉዱ ያለው ምላጩ ላይ ነው። በመካከለኛ ሞገድ፣ 1000 ኪሎኸርዝ ላይ የሚያስተላልፍ ጣቢያ በሽቦው ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳቸዋል። የተናጋሪው ድምፅ ያለው በዚህ ምልልስ ጉልበት ውስጥ ነው፤ የድምፁ ሞገድ ከፍ ሲል ምልልሱ ይበረታል፣ ዝቅ ሲል ይደክማል። ይህን እንዳለ ለጆሮ ማዳመጫ ብትሰጡት ጸጥ ይላል። የገፋውን ያህል መልሶ ስለሚስብ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ የማዳመጫው ስስ ብረትም በዚያ ፍጥነት መርገብገብ አይችልም። እንግዲህ አንዱን አቅጣጫ መዝጋት ያስፈልጋል። የብስክሌት ጎማ ቫልቭ አየር አስገብቶ እንደማያስወጣ ሁሉ፣ እዚህም ኤሌክትሪክን በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፍ በር ይፈለጋል። በሩ ካለ ግፊቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሆናሉ፤ ብረቱም እያንዳንዱን ሳይሆን የድምራቸውን መዋዠቅ ይከተላል። ያ መዋዠቅ ንግግሩ ነው።

በሩ ምላጩ ላይ ያለው ስስ የብረት ኦክሳይድ ነው። አዲስ የሚያብለጨልጭ ምላጭ አይሆንም፤ የዛገ ወይም እሳት ላይ ሰማያዊ እስኪሆን የጋለ ይሻላል። የእርሳሱን ስባሪ በመርፌ ቁልፍ ጫፍ አስራችሁ ፊቱን በቀስታ መዳሰስ ነው። ብዙ ቦታ ዝም ይላል፤ አንዳንዱ ጋ ይንኳኳል፤ ከዚያ ከፀጉር በማይሰፋ ነጥብ ላይ ሰው ድንገት ያወራል። ጠረጴዛውን ነካ ካደረጋችሁት ይጠፋል፣ እንደገና ፍለጋ ነው።

ፈርዲናንድ ብራውን የተባለ ጀርመናዊ ይህን በአንድ በኩል ብቻ የማሳለፍ ባሕርይ በማዕድን ላይ ያየው በ1874፣ ሬዲዮ የሚባል ነገር ሳይኖር ነው። የካልካታው ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ጋሌና በተባለ ማዕድን ለሠራው መሣሪያ በ1904 የአሜሪካ ፓተንት አገኘ። የሶቪየቱ ኦሌግ ሎሴቭ ደግሞ በ1920ዎቹ እንዲህ ያለውን ነጥብ ሲመረምር ክሪስታሉ ብርሃን ሲሰጥ አይቶ ነገሩን ተከታተለው። በ1942 በሌኒንግራድ ከበባ ሞተ። በቪዲዮው ላይ የምትበራው ኤልኢዲ የዚያ ምርምር ዘመድ ናት፤ ሰውየው ይህን ቢያወራ ኖሮ እኔም ለሌላ ሰው እልክለት ነበር።

አሁን ወደ ሂሳቡ። ጉልበቱ የሚመጣው ከአየሩ ሳይሆን የመብራት ሂሳብ ከሚከፍለው ጣቢያ ነው። 100 ኪሎዋት ከሚያሰራጭ ጣቢያ 20 ኪሎሜትር ርቃችሁ 10 ሜትር ሽቦ ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙ፣ የሽቦውና የምድሩ ሬዚስታንስ ተደምሮ 50 ኦም ቢሆን፣ ቢበዛ 3 ሚሊዋት ገደማ ታገኛላችሁ። ተራ የስልክ ቻርጀር 5 ዋት፣ ማለትም 5000 ሚሊዋት ይሰጣል። እርግጥ ማሰራጫው ሥር የሚኖር ሰው አምፖል ሊያበራ ይችላል፤ እሱን አልክድም። ሬዚስታንሱን በጣም መቀነስ የቻለም ከ3 ሚሊዋት የበለጠ ያገኛል፤ ለስልክ የሚበቃውን ግን አያገኝም። ለጆሮ የሚሊዋት ሽራፊ ስለሚበቃው ሬዲዮው ይሰማል። ያም ሆኖ ማዳመጫው እንደ ድሮው 2000 ኦም አካባቢ ያለው መሆን አለበት፤ የዛሬው የስልክ ማዳመጫ በቀጥታ አይሆንም። ኤፍኤም ጣቢያም አትጠብቁ፤ እዚያ ድምፁ የሚጫነው በሞገዱ ጉልበት ላይ ስላልሆነ ለምላጩ የሚለየው ነገር የለም።

«የሚያዳምጠው ሰው ይታወቅበታል» የሚባለውም ለዚህ ሬዲዮ አይሠራም። ተራ ሬዲዮ በውስጡ የራሱን ሞገድ ስለሚያመነጭ ጥቂት ያፈስሳል፤ ምላጩ ምንም አያመነጭም። ማሰራጨት ሌላ ጉዳይ ነው። በአንድ ትራንዚስተር የተሠራች የኤፍኤም ማሰራጫ በቀላሉ ከመስመሯ ትንሸራተታለች፤ ከ108 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ደግሞ የአውሮፕላኖች ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው ለቀልድ አይደለም።

ቪዲዮውን ቆም አድርጋችሁ እዩት። «ምድር» የተባለው ሽቦ ከጠረጴዛው ጀርባ ወርዶ ከካሜራው ይሰወራል። የት እንደሚገባ አይታይም፤ አንድ ልጅ ግን ቀዳዳ ፍለጋ ሶኬት ውስጥ ቢከተው የሚጠብቀው 220 ቮልት ነው። መሞከር የሚፈልግ ሽቦውን መሬት ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ይሠር፤ ክረምት ላይ ደመና ሲከብድ ደግሞ መብረቅ እንዳይመታው አንቴናውን ከውጭ ነቅሎ ያውርደው።