ሻርዶኔን ጥሩ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚሠራውስ ማን ነው?

በበዓል ሰሞን በኤን ጋኒም ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕመምተኞች ስጎበኝ፣ ከልጅ የሥራ ቦታ በስጦታ የመጣ፣ ያልተከፈተ ጠርሙስ በየቤቱ አያለሁ። ቁስላቸውን የማጥብላቸው አንዲት እናት በቅርቡ የራሳቸውን አንስተው «ልጄ፣ ይሄ ነጩ ከጠጃችን በምን ይበልጣል?» አሉኝ። «አይበልጥም እማማ፣ ሌላ ነው» አልኳቸው። ጥያቄያቸው ግን ለሁላችንም የሚሆን ነው።

ጠርሙሱ ላይ «ሻርዶኔ» ተብሎ ተጽፏል። ሻርዶኔ የነጭ ወይን ፍሬ ዓይነት ሲሆን መነሻው የፈረንሳይ ቡርጎኝ ነው። በቆላም በደጋም ይበቅላል፤ ጣዕሙ ግን እንደ አየሩ ይለያያል። በሙቀት ቶሎ ይበስላል፣ ስኳሩ ይበዛል፣ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል። ስኳሩ ሲፈላ አልኮል ስለሚሆን ወይኑም ይከብዳል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ግን ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ኮምጣጣነቱን ይዞ ይቆያል።

አባቶቻችን መካከለኛውን ከፍታ «ወይና ደጋ» ይሉታል፤ ስሙ ውስጥ ወይን አለ። በዝዋይ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ካስቴል የተባለው ኩባንያ ሻርዶኔ ያመርታል። ወደ እኛ ስንመጣ ደግሞ ከ1983 ጀምሮ በካጽሪን የሚሠራው የጎላን ወይን ፋብሪካ ሻርዶኔ ከሚያመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ኦዴም ነው። ኦዴም ከ1,000 ሜትር በላይ ስለሆነ በክረምት በረዶ ይጥልበታል።

በሞቃት አገር ፍሬውን ሌሊት ወይም ማለዳ መልቀም የተለመደ ነው። ወዲያው ተጨምቆ ልጣጩ ይወገዳል፤ ቀዩ ወይን ግን ከነልጣጩ ይፈላል። ጭማቂው በቀዝቃዛ የብረት ጋን ከፈላ የፍራፍሬው ሽታ ይጠበቃል። በእንጨት በርሜል ከሆነ የቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ይጨምራል። ቅቤ ቅቤ የሚል ካጋጠማችሁ፣ ባክቴሪያ ኃይለኛውን ኮምጣጣ ወደ ለስላሳ ለውጦት ነው። እኛ የምንደፋውን አተላ አንዳንዶቹ ወይኑ እንዲወፍር ለወራት አብረው ያቆዩታል፤ እያማሰሉም ይጠብቁታል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው የሰው እጅ ነው። በኮሼር ሕግ መሠረት ፍሬው ከተጨመቀ በኋላ ያልተፈላ ወይንን የሚነካው ሰንበት የሚያከብር አይሁዳዊ ብቻ ነው። በሰኔ 2018 «ካን» እንደዘገበው፣ የባርካን ወይን ፋብሪካ ጥብቅ የኮሼር ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቹን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ አንስቷቸው ነበር። ይሁዲነታችን ተጠረጠረ ማለት ነው። ዋና ረቢ ይጽሃቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ብለው አወገዙት፤ ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ከዚህ አሠራር እንደሚወጣ አስታወቀ። በወይን ፋብሪካ ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች ከመፈረማችሁ በፊት በየትኛው ክፍል እንደምትመደቡ ጠይቁ። የ1988ቱ የሥራ እድል እኩልነት ሕግ በትውልድ አገር ምክንያት ማዳላትን ይከለክላል። ለአቤቱታ የእኩል የሥራ እድል ኮሚሽን አለ።

ስትገዙ ከዋጋው በፊት ጀርባውን አንብቡ፦ ወይኑ የበቀለበት ቦታ፣ ዓመቱ፣ በርሜል ውስጥ መቆየቱ፣ የአልኮሉ መጠን። ለመቅመስ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ቀዝቀዝ አድርጉት፤ በጣም ከቀዘቀዘ ሽታው ይደበቃል። ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ቅዱ፣ አዙሩት፣ አሽትቱት። ሎሚና አረንጓዴ ፖም ከሸተተ የቀዝቃዛ ቦታ ምልክት ነው፤ አናናስና ማንጎ ከሸተተ የሙቅ። ከዋጣችሁ በኋላ ምራቅ የሚያስመጣው ያ ኮምጣጣነቱ ነው።

እንደ ነርስ ይህንን ሳልጨምር አልዘጋም። ነጭ ስለሆነ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሻርዶኔ ብዙ ጊዜ 13 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትጠጣ። የእንቅልፍ፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስዱ በኩፓት ሆሊም ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

እማማም የእንቅልፍ ክኒን ስለሚወስዱ፣ ጠርሙሱን ሳይከፍቱ ለልጃቸው አስቀመጡት።