ሕፃኑ ሲወለድ የምትዘጋው ደም ስር

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በቤታችሁ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ካለች ጠርታችሁ አብራችሁ እንድታዳምጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የዛሬው ርዕሳችን ልብ አጠገብ ስላለች፣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም ስለማትረዝም አንዲት ደም ስር ነው። ሕፃኑ በማህፀን ሳለ ያለ እርሷ አይሆንለትም፤ ከተወለደ በኋላ ግን ሳትዘጋ ከቀረች ልትጎዳው ትችላለች። ሐኪሞች ዳክተስ አርቴሪዮሰስ ይሏታል።

ነገሩ እንዲገባን መጀመሪያ የራሳችንን ደም ዑደት እንመልከት። ሰውነታችንን ዞሮ የተመለሰው ደም ወደ ቀኝ የልብ ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ሳንባ ሄዶ ኦክስጅን ይቀበላል፤ ከዚያም ወደ ግራው የልብ ክፍል ተመልሶ ኦርታ በሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ በኩል ለመላ አካላችን ይከፋፈላል። ደም ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፈው በመካከል ያለውን የልብ ግድግዳ ሰንጥቆ ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ መሆኑን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ደማስቆ አካባቢ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብኑ ነፊስ ነው። ይህንን ያሰፈረው የኢብኑ ሲናን የሕክምና መጽሐፍ ሲያብራራ ነው። ጽሑፉ በ1924 (እ.ኤ.አ.) አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እስኪያገኘው ድረስ የዘመኑ ሊቃውንት ብዙም አያውቁትም ነበር።

በማህፀን ያለ ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሳንባው አየር ሳይሆን ፈሳሽ የሞላበት ነው፤ ደም ስሮቹም ተጨማደው የጠበቡ ናቸው። ኦክስጅን የሚያገኘው ከእናቱ፣ በእንግዴ ልጁና በእትብቱ በኩል ነው። ታዲያ ደሙ ሁሉ ወደ ሳንባ ቢሄድ ምን ይሠራል? ገበሬ ገና ያልታረሰ ማሳ ላይ የመስኖ ውሃ አይለቅም፤ ቦይ ቀድዶ ወደሚያስፈልገው ማሳ ያዞረዋል። ይህች ደም ስር ያች ቦይ ናት። ወደ ሳንባ የሚወስደውን ደም ቅዳ ከኦርታ ጋር ታገናኛለች፤ ከቀኝ ልብ የወጣውም ደም አብዛኛው በእርሷ አቋርጦ ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍልና ወደ እንግዴ ልጁ ይሄዳል።

ክፍት አድርገው የሚያቆዩዋት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በጽንሱ ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ፕሮስታግላንዲን የሚባል፣ በብዛት ከእንግዴ ልጁ የሚመነጭ ንጥረ ነገር ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጁ ተወልዶ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ሲስብ ሳንባው ይነፋል፣ የሳንባው ደም ስሮች ይከፈታሉ፣ ደሙም ወደዚያ ይጎርፋል። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከፍ ሲል የዚያች ደም ስር ጡንቻ ይህንን ያውቃል። በጡንቻው ሕዋሳት ላይ ፖታሲየም የሚወጣባቸው በሮች ይዘጋሉ፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። በዚያው ሰዓት እትብቱ ስለተቆረጠ ከእንግዴ ልጁ ይመጣ የነበረው ፕሮስታግላንዲን ይቋረጣል። የተረፈውን ደግሞ ማን ያጠፋዋል ብትሉ፣ ያው ሳንባው ነው! ትናንት ደም የተከለከለው አካል ዛሬ ደም ሲደርሰው የከለከለችውን ቦይ ለመዝጋት ያግዛል። ሱብሃነላህ።

ጊዜው ደርሶ በጤና በተወለደ ልጅ ይህች መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በ72 ሰዓት ውስጥ ደም ማሳለፍ ታቆማለች። አባት በጆሮው አዛን ሲያደርግለት መኮማተር ጀምራለች፤ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃው ሲታረድ ብዙውን ጊዜ ተዘግታለች። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ግድግዳዋ ወፍሮ፣ ውስጧ ጠባሳ ሆኖ ወደ ጅማትነት ትለወጣለች። የምታዳምጡኝ ሁሉ፣ ሽማግሌዎቹም ጭምር፣ ያ ጅማት ዛሬም በደረታችሁ ውስጥ አለ።

ሳትዘጋ የምትቀርበትም ጊዜ አለ። በተለይ ቀናቸው ሳይሞላ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ይበዛል፤ የደም ስሯ ጡንቻ ለኦክስጅኑ የሚሰጠው መልስ ገና ደካማ ነውና። እናት በእርግዝናዋ መጀመሪያ ሩቤላ የተባለው ኩፍኝ መሰል በሽታ ከያዛትም ልጁ ላይ ሊከሰት ይችላል። አየሩ ስስ በሆነበት እጅግ ከፍተኛ ቦታ፣ ለምሳሌ በፔሩ ተራሮች፣ ከሌላው አካባቢ በዝቶ ይታያል። ሴቶች ልጆች ላይም ከወንዶቹ ይበልጣል።

ያን ጊዜ ደሙ በተቃራኒው ከኦርታ ወደ ሳንባ ይፈስሳል። ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነች ልጁ ምንም ላይታይበት ይችላል። ሰፊ ከሆነች ግን ሳንባው ደም ይበዛበታል፣ ልብም ይደክማል። ልጁ ሲጠባ ቶሎ ይደክመዋል፣ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ኪሎ አይጨምርም፣ የሳንባ ምች ይደጋግመዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ብዙ ቤተሰብ ይህንን ሲያይ «ዓይን ነው» ብሎ ወራት ያሳልፋል። ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ግን በዚያው ሳምንት ልቡ በሐኪም ይደመጥ። መታከም የታዘዝንበት ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሕክምናውም አለ። በ1938 (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ግሮስ የተባለ ወጣት ሐኪም በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የ7 ዓመት ልጅን ደም ስር በክር አስሮ ዘጋ። ዛሬ ደረት ሳይከፈት በእግር ደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ በትንሽ መድፈኛ መዝጋት ይቻላል። ቀኑ ሳይሞላ ለተወለደ ሕፃን በመድኃኒት የሚሞከርበት ጊዜ አለ። በአገራችንም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል አለ። ወረፋ የሚጠብቁት ብዙ ናቸውና ቶሎ መመርመር ይበጃል።

አሁን ወደ ፕሮስታግላንዲን እንመለስ። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ ኢንዶሜታሲን የሚባሉት የህመም ማስታገሻዎች የሚሠሩት ይህንኑ ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። ስለዚህ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት የምትወስዳቸው እናት የልጇ ደም ስር ገና በማህፀን ሳለ እንድትጠብብ ልታደርግ ትችላለች። በልጁ ኩላሊትና በሽርት ውሃው ላይም ጉዳት ስለሚያመጡ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲወገዱ መክሯል። ለደም ግፊት ስጋት ተብሎ በአነስተኛ መጠን በሐኪም የታዘዘ አስፕሪን ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቋርጡት።

ለወገብ ወይም ለራስ ምታት ተብሎ ከጎረቤት የሚሰጥ፣ ከዓረብ አገር በዘመድ የሚላክ ክኒን በየቤቱ አለ። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ሆይ፣ ከመዋጣችሁ በፊት ማሸጊያውን ለክትትል ስትሄዱ ይዛችሁ ለአዋላጇ አሳዩአት።