የቢሮ ጠረጴዛ «ሲያረጅ» የት ይሄዳል?



በዚህ ሰሞን አንድ ወላጅ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ወደ ትንሽ ቢሮ ሊዛወር መሆኑን ነገሩን። ወደ አርባ የሚጠጉ ጠረጴዛዎች፣ ወንበሮችና የፋይል ካቢኔቶች ይተርፋሉ። «ትምህርት ቤታችን ይፈልግ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። የወላጆች ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት ሁላችንም ነገሩን እንድናውቀው ብዬ ይህን ጻፍኩ። ልጆች፣ እናንተም አንብቡ፤ ከበድ ያሉትን ቃላት እየፈታሁ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። እግሩ ያልተሰበረ፣ መሳቢያው በደንብ የሚከፈትና የሚዘጋ ጠረጴዛ ለምን ይጣላል? (መሳቢያ ማለት ከጠረጴዛው ሥር እየተሳበ የሚወጣው ሣጥን ነው። «ሳበ» ከሚለው ግስ የመጣ ቃል ነው።)

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መልሱን ከመዝገብ እጀምራለሁ። አንድ ድርጅት በ700 ዶላር ጠረጴዛ ገዛ እንበል። ብዙውን ጊዜ ወጪውን በአንዴ አይጽፈውም፤ ለየዓመቱ ያካፍለዋል። ይህ «የእርጅና ቅናሽ» ይባላል። የአሜሪካ የግብር ሕግ የቢሮ ዕቃን የሚመድበው በሰባት ዓመት ክፍል ውስጥ ነው። ሒሳቡን ለማቅለል በየዓመቱ እኩል 100 ዶላር ይቀነስ ብንል፣ በሰባተኛው ዓመት መጨረሻ የመዝገብ ዋጋው ስንት ይሆናል? ዜሮ! ግን ልጆች፣ ዜሮ የሆነው ወረቀቱ ላይ ነው። ጠረጴዛው እዚያው ቆሟል፣ ብረቱም አልዛገም። በመዝገብ ዜሮ የሆነን ዕቃ ግን ብዙ አለቃ እንደሌለ ነው የሚቆጥረው።

ሁለተኛው ምክንያት ቀን ነው፤ እንዲያውም ዋናው እሱ ይመስለኛል። ቢሮ የተከራየ ድርጅት ሲለቅ ክፍሉን ባዶና የተጠረገ አድርጎ ለማስረከብ ውል ይገባል። ከቀኑ ካሳለፈ ኪራዩ አንድ ተኩል ወይም እጥፍ የሚሆንበት ውል ብዙ ነው። የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ ታዲያ ጠረጴዛ የሚወስድ ሰው ለመፈለግ ማን ጊዜ አለው? የጭነት መኪና ይጠራል፣ ሁሉም ይጫናል፣ አለቀ። ማታ ማታ ሕንፃ የምታጸዱ ወላጆች ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ከ2020 የኮሮና ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከቤት መሥራት ስለተለመደ ቢሯቸውን ያሳነሱ ድርጅቶች በርክተዋል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው በ2018 ብቻ በዚህ አገር የተጣለው ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ሶፋና የመሳሰለው ዕቃ 12.1 ሚሊዮን ቶን ነበር። ከዚያ ውስጥ 80 በመቶው መሬት ውስጥ ተቀበረ፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ሁሉ ተቃጠለ። ቀልጦ ወይም ተፈጭቶ እንደገና ዕቃ የሆነው ከምንም አይቆጠርም። ምክንያቱም አንድ የቢሮ ወንበር ውስጥ ብረት፣ ፕላስቲክ፣ ስፖንጅና ጨርቅ ተጣብቀዋል፤ መለያየቱ ጉልበት ይጠይቃል። የጠረጴዛው ፊትም ብዙ ጊዜ ቺፕውድ ነው፤ ማለትም ተፈጭቶ በሙጫ የተጋገረ እንጨት። ውኃ ከገባው ያብጣል፤ ቡሎኑም ተፈትቶ ሲታሰር፣ ተፈትቶ ሲታሰር መያዝ ያቆማል። ከሁሉ የሚሻለው የብረት ካቢኔት ነው። ቢያረጅ እንኳ ብረቱ ይቀልጣል።

አዲስ አበባ ያደጋችሁ ወላጆች «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ አትረሱትም። ልጆች፣ ቆራሌ ማለት በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ነው። የገዛው ብረትና ቆርቆሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርስና ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣል። በሌላ በኩል ደግሞ በመሥሪያ ቤት ግቢ ጥግ ተቆልለው፣ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪወስን ዝናብ የሚመታቸውን ወንበሮችም እናስታውሳለን። እዚያ ዕቃው የሚበላሸው በመዘግየት ነው፤ እዚህ ግን በመቸኮል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀደም ብሎ መቁጠር። ድርጅቱ ከመልቀቁ ከሦስትና ከአራት ወር በፊት ዝርዝር ቢያወጣ፣ ደህናውን ወደ አዲሱ ቢሮ ይወስዳል፣ የተረፈውን ይሸጣል ወይም ይሰጣል፣ የማይሆነውን ብረቱን ለይቶ ለብረት ገዢ ይልካል። ወላጆች፣ መሥሪያ ቤታችሁ እንደሚዛወር ከሰማችሁ ኃላፊውን ዛሬውኑ ጠይቁ። «ከግብር ይቀነስላችኋል» ብላችሁ ግን አታግባቡ። የመዝገብ ዋጋው ዜሮ የሆነ ዕቃ ሲሰጥ ለድርጅቱ የሚቀነስለት ግብር አብዛኛውን ጊዜ የለም። የሚተርፈው የጭነትና የመጣያ ክፍያ ነው፤ እሱን ንገሩት፣ ይገባዋል። ውጭ የተቆለለውንም ሳትጠይቁ አታንሱ።

ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። ነፃ ነው ተብሎ ሁሉም አይወሰድም። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ቁመት 73 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ፊደል ለሚቆጥሩት የስድስት ዓመት ልጆች ይረዝማል፣ እግራቸውም ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለትልልቆቹ ክፍል ግን ልክ ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቤታቸው ጠረጴዛ የሌላቸው ልጆች ናቸው። በቅርብ የመጡ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው አልጋ ላይ ተኝተው የቤት ሥራ ይሠራሉ። በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ለእነሱ ይድረስ፤ ለክፍሎቻችን የሚበቃውን ከዚያ እንቁጠር። ኪዩቢክል የሚሠራባቸውን ግድግዳዎች እንተው፤ የአንዱ ኩባንያ ከሌላው ጋር አይገጥምም።

በምንወስድበት ጊዜ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የጨርቅ ወንበር ስፌቱ ውስጥ ትኋን እንዳለ በባትሪ ይታይ። ወንበሩን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ቱቦ ውስጥ በኃይል የታመቀ ናይትሮጅን አለ፤ ከተበላሸ ይቀየራል እንጂ አይበሳም። የፋይል ካቢኔት ሁለት መሳቢያ አንድ ላይ ከተከፈተ ፊት ለፊት ሊወድቅ ስለሚችል ከግድግዳ ጋር ይታሰር። ጠረጴዛ ስትሸከሙ ደግሞ ከብረቱ ያዙ፤ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

ልጆች፣ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችሁ ይኸውና። የቤታችሁን በር ስፋትና ጠረጴዛ ሊቀመጥበት የሚችለውን ቦታ በሴንቲሜትር ለኩ። በአማርኛ «ስፋት»፣ «ርዝመት»፣ «ቁመት» እያላችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ለመምህራችሁ ስጡ። ጠረጴዛ የምትፈልጉ ከሆነ ከወረቀቱ ጀርባ «እንፈልጋለን» ብላችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን ከመምህሩና ከኮሚቴው በቀር ማንም አያየውም።