ከስሙ ኋላ የሚመጣው ገላጭ

አማርኛ ሰውየውን ከመጥራቱ በፊት ታሪኩን ይዘረዝራል። «ትናንት ከጎንደር የመጣው፣ ለአባቴ ደብዳቤ ያደረሰው ነጋዴ» ሲባል፣ ሰሚ ስለማን እንደሚወራ የሚያውቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ግን ነጋዴውን አስቀድሞ ያቆመውና ታሪኩን በ«ሁ» አስከትሎ ያመጣል። «ሁ»፣ «ሁም»፣ «ሁዝ»፣ «ዊች» እና «ዛት» ሪላቲቭ ፕሮናውን ይባላሉ፤ የሚመሩት ገላጭ ደግሞ ሪላቲቭ ክሎዝ።

ግዕዝ ለተማረ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይሆንም። «አቡነ ዘበሰማያት» በሚለው ጸሎት አባት ይቀድማል፣ «ዘ» ይከተላል። ግዕዝ «ዘ»ን ለወንድ፣ «እንተ»ን ለሴት፣ «እለ»ን ለብዙ ሲያደርግ፣ የዛሬው እንግሊዝኛ የሚጠይቀው ሰው ነው ወይስ ዕቃ ብሎ ነው፤ ለሰው «ሁ»፣ ለዕቃ «ዊች»። ይህም ቢሆን ዘግይቶ የጠነከረ ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይኸው ጸሎት እግዚአብሔርን የሚገልጸው በ«ዊች» ነው።

በትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ የሚፈጀው የ«ሁ» እና የ«ዊች» ምርጫ ነው። እውነተኛው ወጥመድ ግን ሌላ ቦታ ይመስለኛል። «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች፤ «የተቀመጥኩበት ወንበር» ስንልም «በት» ወንበሩን። ይህን ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ይላል። እዚያ ግን «ዊች» መጽሐፉን አንዴ ስለተካ «ኢት» ትርፍ ናት፤ ቦታዋ ባዶ መቅረት አለበት። እንዲያውም «ዊች» ራሱ ሊቀር ይችላል፦ «ዘ ቡክ አይ ቦት»። መቅረት የሚችለው ግን ገላጩ የራሱ ባለቤት ሲኖረው ነው። «ዘ ማን ሁ ኬም» ላይ «ሁ» ራሱ ባለቤት ስለሆነ አይነካም።

ወንበሩስ? «ዘ ቼር አይ ሳት ኦን» ይባላል፤ «ኦን» መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትንጠለጠላለች። ባለቅኔው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን በዚህ ዓይነት አጻጻፍ ነቀፈው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት መምህር ተማሪ እንደገሠጸበት! ተናጋሪው ግን ልማዱን አልተወም። «ዘ ቼር ኦን ዊች አይ ሳት» ለመደበኛ ጽሑፍ ያምራል፣ በጨዋታ መሀል ግን ይከብዳል። «ኦን ዛት» ማለት በየትኛውም አይሆንም።

ኮማም ትርጉም ትለውጣለች። «ዱባይ የሚኖረው ወንድሜ» የሚለው አማርኛ ሌላ ወንድም ይኑረኝ አይኑረኝ ብቻውን አይናገርም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ገላጩ ያለ ኮማ ከገባ፣ ከወንድሞቼ መካከል የዱባዩን መለየቴ ነው። በሁለት ኮማዎች ከታጠረ ግን ወንድሜ አንድ ነው፣ ዱባይ መኖሩም ተጨማሪ ወሬ ነው። ውርስ በሚያከፋፍል ሰነድ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

«ዛት» ደግሞ የራሷ ክርክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1711 ሪቻርድ ስቲል «ስፔክቴተር» በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ፣ «ሁ» እና «ዊች» «ዛት» ቦታችንን ነጠቀችን ብለው አቤት የሚሉበት ቀልደኛ ማመልከቻ ጽፎ ነበር። ክሱ ፍርደ ገምድል ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ቀድማ የነበረችው «ዛት» ስትሆን፣ ከሳሾቹ ከጥያቄ ቃልነት ተነሥተው ኋላ የገቡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1926 ሄንሪ ፎውለር በአጠቃቀም መዝገበ ቃላቱ ሊያስታርቃቸው ሞከረ፤ ለሚለየው ገላጭ «ዛት»፣ በኮማ ለሚታጠረው «ዊች» ቢሆን ይሻላል አለ። ብዙ የአሜሪካ አርታኢዎች ሐሳቡን እንደ ሕግ ይዘው ያለ ኮማ የመጣ «ዊች» ባዩ ቁጥር ይሰርዛሉ፤ እንግሊዞቹ በአብዛኛው እንዳለ ያሳልፉታል። ከኮማ በኋላ ተጨማሪ ወሬን በ«ዛት» መጀመር ግን እዚያም እዚህም በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል።