ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰው ልጅ የቱ ጋ ወደቀ?



በቆጂ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ከተማ ናት። አገሬው ሯጭ በአንድ ጀምበር እንደማይሠራ፣ ነገሩ ከልጅነት እንደሚጀምር ጠንቅቆ ያውቃል። ወደ ትምህርት ስንመጣ ግን ይህን እንረሳለን። ገብስ ሸጠን ልጃችንን ወደ ዩኒቨርሲቲ እንሸኛለን። በዓመቱ ተባርሮ ሲመጣ «ጓደኛ አበላሸው፣ ሰነፈ» እንላለን። ይህ የሚያጋጥምበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን ውድቀቱ የጀመረው በታችኛው ክፍል ነው።

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጆች ሳይደግሙ ያልፉ ነበር። በ2002 ዓ.ም በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እንዲህ ያለ ልጅ ሳይገባው እየሸመደደ ያልፋል። በክልላችን በኦሮሚያ ደግሞ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ የተማረው ልጅ፣ 9ኛ ሲገባ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ክፍልፋይ ያልገባው አልጀብራ ይከብደዋል፤ አልጀብራ የከበደው ካልኩለስ ላይ ይቆማል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መምህሩ ወደ ኋላ አይመለስለትም፤ እሱም መጠየቅ ያፍራል።

በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህም ምክንያት በ2015 ዓ.ም የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ትምህርት ተጀመረ። ይሁንና የአሥራ ሁለት ዓመት ጉድለት በጥቂት ወራት እንዴት ይሞላል?

ውድ ወላጆች፣ የመድረሳውን ኡስታዝ እናስተውል። ልጁ ፊደሉን ሳይለይ ወደ ጁዝ ዐማ አያሳልፈውም፤ የትናንቱን ካላሰማም አዲስ አይሰጠውም። እኛም በቤታችን እንዲህ እናድርግ። ከመግሪብ በኋላ ልጁ አንድ ገጽ ያንብብልን፤ ከዚያም የተረዳውን በራሱ ቃል ይንገረን። ማንበብ የማንችል ወላጆችም ማዳመጥ አያቅተንም። ከተደናቀፈ ሰርተፍኬት እስኪመጣ ሳንጠብቅ መምህሩ ዘንድ እንሂድ።

ተባርሮ የመጣውንም አናሸማቅቀው። የትኛው ክፍል ላይ እንደጎደለበት አብረን እንፈልግ፤ ከዚያው ይጀምር።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቃቸው። ወሰላሙ ዓለይኩም።