ዕንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀረው? (ስለ ረዳት ፈንክሽን)

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ረዳት ፈንክሽን ነው። ፈንክሽን ማለት ቁጥር ሲሰጡት አስልቶ መልስ የሚሰጥ፣ ስም የወጣለት አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ረዳት የተባለው አንዲት ትንሽ ሥራ ይዞ ትልቁን ፕሮግራም ስለሚያግዝ ነው።

እኛ የምንጠቀመው ኦክታቭን ነው። ኦክታቭ ለሒሳብ የተሠራ፣ በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ጆን ኢተን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1992 መጻፍ ጀመረው። ስሙን ያወጣለት በመምህሩ በኦክታቭ ሌቨንስፒል ነው።

ክበባችን ጠዋት ሰልፍ ላይ ለዕንቁጣጣሽ የቀረውን ቀን ያነባል። የሚያሰላልንን ፕሮግራም የተረከብነው ከበፊቶቹ አባላት ነው። መሥራቱን ይሠራል፤ ግን ስሞቹ "a"፣ "b"፣ "c" ብቻ ናቸው። የጻፉት ልጆች ደግሞ 8ኛ ክፍልን ጨርሰው ሄደዋል። ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ስለዚህ እንደገና ጻፍኩት። ኦክታቭ ስም የሚቀበለው በላቲን ፊደል ቢሆንም እንዲገባችሁ በአማርኛ ላስቀምጠው፦

የጳጉሜ_ቀናት (ዓመት)
ቀሪ = ዓመቱ ለ4 ሲካፈል የሚተርፈው
ቀሪ 3 ከሆነ መልሱ 6
ካልሆነ መልሱ 5

2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ስለዚህ ጳጉሜ 6 ነበረች። ዘመኑም ዘመነ ሉቃስ ነበር። 2016 ግን ምንም አይተርፈውም፤ ጳጉሜ 5 ሆነች።

ሁለተኛው ረዳት "ስንተኛ_ቀን" ይባላል። ከወሩ 1 ቀንሶ በ30 ያባዛና ቀኑን ይደምራል። ግንቦት 9ኛ ወር ስለሆነ፣ ግንቦት 10 ማለት 8 × 30 + 10 = 250ኛ ቀን ነው።

አሁን ትልቁ ፕሮግራም ቀላል ሆነ፦

የቀረው = 360 + የጳጉሜ_ቀናት − ስንተኛ_ቀን + 1

1 የተደመረው መስከረም 1 ላይ ለመድረስ ነው። ከግንቦት 10 ጀምሮ በ2015 117 ቀን፣ በ2016 ግን 116 ቀን ይቀር ነበር። አያችሁ? ጳጉሜ 6 የምትሆንበትን ዓመት የረሳ ፕሮግራም በተማሪው ሁሉ ፊት በአንድ ቀን ያሳስተናል።

እናንተም ስትጽፉ እነዚህን ያዙ፦
1ኛ. ስሙ ሥራውን ይናገር።
2ኛ. ለአንድ ፈንክሽን አንድ ሥራ ብቻ ስጡ።
3ኛ. ከ% ምልክት በኋላ ምክንያቱን ጻፉ፤ ኦክታቭ ያልፈዋል፣ ሰው ግን ያነበዋል።
4ኛ. መልሱን በምታውቁት ዓመት ፈትኑት።

እኛም ነገ 8ኛን ጨርሰን እንሄዳለን። ያኔ 5ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ፋይሉን ከፍተው "የጳጉሜ_ቀናት" የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲያነቡ፣ እኛን ሳይፈልጉ ይገባቸዋል።