«የስ» ያለችው «አዎ፣ አላውቅም» ለማለት ነበር

ባለፈው ወር ነው። ቤቴል፣ አስፋልቱ ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ የሰፈራችን ልጅ ላፕቶፗን ከፍታ ኢንተርቪው ላይ ነበረች። ሥራው ከቤት ሆኖ የሚሠራ፣ ቀጣሪው ውጭ አገር ያለ ድርጅት ነው። ኔትወርኩም ያን ቀን አላስቸገረም። ጠያቂው ሲቪዋን እያየ «ሶ፣ ዩ ሃቭንት ዩዝድ ዚስ ሶፍትዌር ቢፎር?» አላት። ይህን ሶፍትዌር ከዚህ በፊት አልተጠቀምሽም ማለት ነው? እሷም ፈገግ ብላ «የስ» አለች።

በእሷ ቤት «አዎ፣ አልተጠቀምኩም» ማለቷ ነው። ሰውየው የሰማው ግን «ተጠቅሜያለሁ» የሚል ነበር። በማግስቱ በዚያው ሶፍትዌር የሚሠራ ፈተና ላከላት። ፈተናውን ማለፍ ቀርቶ መክፈትም አልቻለችም።

ልጅቷ እንግሊዝኛ የማትችል እንዳይመስላችሁ። ፊልም ያለ ጽሑፍ ነው የምታየው። ችግሩ እንግሊዝኛዋ ሳይሆን አማርኛዋ ነው፤ አማርኛችን ለጥያቄ የሚመልስበት መንገድ ከእንግሊዝኛ የተለየ ስለሆነ ነው። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ተምረናል። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ሆኖም አማርኛ ተናጋሪ የት የት ላይ እንደሚሰናከል ለይቶ የነገረን አስተማሪ ብዙዎቻችን አላጋጠመንም። እስቲ እንየው።

ከ«የስ» እንጀምር። አማርኛ «አዎ» ሲል የጠያቂውን አባባል ነው የሚያጸድቀው። «አልበላህም?» «አዎ፣ አልበላሁም።» ልክ ነህ፣ እንዳልከው ነው እንደማለት። እንግሊዝኛ የጠያቂው አባባል አያገባውም፤ የሚያየው እውነታውን ብቻ ነው። በልተህ ከሆነ «የስ»፣ ካልበላህ «ኖ»፤ ጥያቄው በየትኛውም መልክ ይምጣ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከ«የስ» ቀጥሎ «ኖት» አይመጣም። «የስ፣ አይ ሃቭ» ወይም «ኖ፣ አይ ሃቭንት»፣ አለቀ። ኤምባሲ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ «እዚያ አገር ዘመድ የለህም?» ስትባሉ ይህን አስታውሱ። አንዲት ቃል ብቻ መልሳችሁ ዝም አትበሉ፤ «ኖ፣ አይ ዶንት» ብላችሁ ጨርሱት።

ወደ ራሱ ወደ ጥያቄው እንምጣ። አማርኛ ውስጥ ጥያቄ መጠየቅ እንዴት ቀላል ነው! «ቤቴል ትኖራለህ።» ድምፅህን ከፍ አድርገው፣ «ቤቴል ትኖራለህ?» ሆነ። «ቤቴል»ን አውጥተህ «የት» ተካ፣ «የት ትኖራለህ?» አገኘህ። ከቦታው የተነቃነቀ ቃል የለም። ለዚህ ነው «ዌር ዩ ሊቭ?» የሚለው ከአፋችን የሚያመልጠው። እንግሊዝኛ ግን ከባለቤቱ በፊት የሚቆም ረዳት ግስ ይፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ኢዝ»፣ «አር»፣ «ካን»፣ «ዊል» ካለ እሱን ወደፊት ማምጣት ነው፦ «ዩ አር ሬዲ» የነበረው «አር ዩ ሬዲ?» ይሆናል። ከሌለ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» በቅጥር ይመጣል። «ዌር ዱ ዩ ሊቭ?»

የተቀጠረው ረዳት ደግሞ ጊዜውን ራሱ ይሸከማል። ታክሲ ረዳት ብሩን ከሰበሰበ ሹፌሩ እንደገና አይሰበስብም አይደል? «ዲድ» ከመጣ ዋናው ግስ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው። «ዲድ ዩ ዌንት?» ሁለት ጊዜ ማስከፈል ነው። ትክክሉ «ዲድ ዩ ጎ?» ነው። «ደዝ ሺ ዎርክስ?»ም እንደዚያው፤ «ደዝ ሺ ዎርክ?» በቂ ነው።

አሁን ብዙ ጎበዝ ተማሪዎችን የሚያደናግረው ይመጣል። «ማን ደወለ?» በእንግሊዝኛ «ሁ ኮልድ?» ነው፣ «ዲድ» የለበትም። «ለማን ደወልክ?» ግን «ሁ ዲድ ዩ ኮል?» ነው። አንዱ ላይ ረዳቱ ቀረ፣ ሌላው ላይ መጣ። ለምን? እንግሊዝኛው ሁለቱንም «ሁ» ስለሚል ልዩነቱ አይታይም። አማርኛው ግን ቁልጭ አድርጎ ይለየዋል። ባዶ «ማን» ከሆነ አድራጊው ራሱ ነው፣ «ዱ» አያስፈልግም። «ማንን»፣ «ለማን»፣ «ከማን» ከሆነ ግን ረዳቱ ይመጣል። «ምን ተፈጠረ?» ሲሆን «ዋት ሃፕንድ?» ነው እንጂ «ዋት ዲድ ሃፕን?» አይደለም። እንግሊዛዊው የሌለው ምልክት እናንተ እጅ ላይ አለ።

ሌላም አለ፣ «እንደ» የምትባለው። ጨዋ ሆናችሁ ስትጠይቁ በአማርኛ ምን ትላላችሁ? «ስብሰባው መቼ እንደሚጀምር ልትነግረኝ ትችላለህ?» «እንደ» ገባች። እሷ የገባችበት ቦታ በእንግሊዝኛ ሲሆን ቃላቱ ወደ ተራ አቀማመጣቸው ይመለሳሉ። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌን ዘ ሚቲንግ ስታርትስ?» ይባላል፣ «ዌን ደዝ ዘ ሚቲንግ ስታርት» አይባልም። «ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» ከሆነ «ዱ ዩ ኖው ሃው ማች ኢት ኢዝ?» ነው። በጽሑፍ ኢሜይል ላይ ይሄ ስህተት በጣም ይታያል፤ ኢሜይላችንን ጨዋ ልናደርገው ብለን ነው የምናበላሸው።

አንዳንድ ጥያቄ ደግሞ አለ፣ እንግሊዝኛ ጨርሶ ቃል የሌለው። «ለእናትህ ስንተኛ ልጅ ነህ?» በሉኝ እስቲ በእንግሊዝኛ። «ስንተኛ» የምትል አንዲት ቃል የላቸውም። «አር ዩ ዘ ፈርስት ቻይልድ?» እያላችሁ መዞር ነው። እዚህ ላይ አማርኛ በልጧል፣ መናገር አለብን።

እንግዲህ «ዘ» ስትል መጣን ወደ ሁለተኛው ጣጣ፣ ወደ «ኤ»፣ «አን» እና «ዘ»።

ብዙ ሰው አማርኛ «ዘ» የለውም ይላል። አለው። ከቃሉ ፊት ሳይሆን ከኋላ ስለተለጠፈ ነው የማናየው። «ቁልፍ» እና «ቁልፉ»። «ልጅ» እና «ልጅቷ»። ቅጽል ሲመጣማ ከስሙ ወርዶ ቅጽሉ ላይ ይሳፈራል፦ «ትልቁ ቤት»። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ስም ተመልከቱት። «ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ።» «ታላቅ» አላልንም፣ «ታላቁ» ነው ያልነው። በእንግሊዝኛ ስሙ ፊት የሚቆመው «ዘ» አማርኛው ላይ «ቁ» ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መመዘኛ የራሳችሁ ጆሮ ነው። «ቁልፍ ስጠኝ» እና «ቁልፉን ስጠኝ» ሲባል ልዩነቱን ማንም አይስተውም። ሁለተኛው «ጊቭ ሚ ዘ ኪ» ነው። «ሕይወት ከባድ ነው» ስንል «ሕይወቱ» አንልም፤ እንግሊዝኛውም «ላይፍ ኢዝ ሃርድ» ነው፣ «ዘ ላይፍ» አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ቤቱ» ማለት «የእሱ ቤት»ም ማለት ስለሆነ አንዳንዴ «ዘ» ሳይሆን «ሂዝ» ነው የሚፈለገው።

መመዘኛው የሚከዳባቸው ቦታዎች አሉ። ለሁላችንም አንድ የሆነ፣ የቱ ነው ተብሎ የማይጠየቅ ነገር ሲሆን አማርኛ ምንም አይለጥፍም። «ፀሐይ ወጣች»፣ «ፖሊስ መጣ»፣ «መንግሥት አስታወቀ»፣ ደግሞም ሁላችንም የምናውቀው «መብራት ጠፋ»። እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛ «ዘ» ይፈልጋሉ፦ «ዘ ሳን»፣ «ዘ ፖሊስ»፣ «ዘ ገቨርመንት»፣ «ዘ ፓወር ኢዝ አውት»። ኢንተርኔትም «ዚ ኢንተርኔት» ነው።

ሌላው ክዳት ሙያ ላይ ነው። «ተማሪ ነኝ»፣ «ነርስ ነች» ስንል «አንድ» አንጨምርም፤ «አንድ ነርስ ነች» ቢባል ያስቃል። በእንግሊዝኛ ግን «አይ አም ስቱደንት» ጎደሎ ነው፣ «ኤ ስቱደንት» መባል አለበት። ሲቪ ላይ የመጀመሪያዋ መስመር ላይ የምትገኝ ስህተት ይቺ ነች።

«ኤ» ወይስ «አን»? መጽሐፉ «በአናባቢ የሚጀምር ከሆነ አን» ይላል፣ አናባቢዎቹን አምስት ፊደል ብሎ ያስቆጥራል፣ ከዚያ «ኤ ዩኒቨርሲቲ» ሲመጣ ሁሉም ይፈርሳል። ሕጉ የሚያየው የሚጻፈውን ሳይሆን የሚሰማውን ነው። እና እኛ የሚሰማውን የሚጽፍ ፊደል አለን እኮ! ቃሉን በአማርኛ ፊደል ጻፉት። የመጀመሪያው ፊደል ከ«አ» ቤት ከሆነ፣ ማለትም አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ ከሆነ፣ «አን» ነው። ሌላ ከሆነ «ኤ» ነው። በቃ።

ሞክሩት። «አወር» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፊት ለፊቱ የማይነበብ ፊደል አለው፤ በእኛ ግን በ«አ» ይጀምራል፣ ስለዚህ «አን አወር»። «ዩኒቨርሲቲ» በ«ዩ» ይጀምራል፣ «ኤ ዩኒቨርሲቲ»። ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ፦ «ኤን.ጂ.ኦ» በ«ኤ» ስለሚጀምር «አን»፣ «ዩ.ኤን ጆብ» ግን «ኤ»። ዲግሪያችሁ «ቢ.ኤ» ከሆነ «ኤ ቢ.ኤ»፣ «ኤም.ኤ» ከሆነ «አን ኤም.ኤ»። ስልካችሁ ላይ ደግሞ «አን አፕ»፣ «አን ኤስ.ኤም.ኤስ»፣ «ኤ ፒ.ዲ.ኤፍ»፣ «ኤ ዩቲዩብ ቻናል»። የአንድ ዓመት ውል «ዋን ይር ኮንትራክት» በ«ዋ» ስለሚጀምር «ኤ» ነው። እንግሊዛዊ ልጅ ይህን በልምድ ነው የሚያውቀው፤ እናንተ ፊደላችሁን ማየት ይበቃችኋል።

የቦታ ስም የሚወራው በልማድ ስለሆነ ፈጠን ብለን እንለፈው። ከተማና አገር አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፦ ቤቴል፣ አዲስ አበባ፣ ኢትዮጵያ። ስሙ ውስጥ ግን «ዩናይትድ» ካለ፣ እንደ አሜሪካና ኤምሬትስ፣ «ዘ» ይገባል። ወንዝ «ዘ» ይፈልጋል፣ ሐይቅ አይፈልግም፦ «ዚ አባይ»፣ ግን «ሌክ ጣና»። የተራራ ሰንሰለት ይፈልጋል፣ አንድ ተራራ አይፈልግም፦ «ዘ ሰሜን ማውንቴንስ»፣ ግን «ራስ ዳሽን»። ዩኒቨርሲቲ ላይ የሚወስነው «ኦፍ» ነው፦ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ሲባል «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ግን ባዶውን ነው። የዳር ምሳሌ ከፈለጋችሁ የሰፈራችን መስመር አለ። «ጦር ኃይሎች» እንደ ፌርማታ ስም ሲጠራ ባዶ ነው፤ ሠራዊቱን ማለታችሁ ከሆነ ግን «ዚ አርምድ ፎርስስ»።

ከዚያው ፌርማታ ባቡሩን ይዛችሁ ወደ መሀል ከተማ ብትሄዱ ደግሞ አርቲክል በስሙ ውስጥ የተቀበረበት ሰፈር ታገኛላችሁ፦ ለገሃር። «ላ ጋር» የሚለው ፈረንሳይኛ ነው የመጣው፣ «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። የፊተኛው «ላ» የእንግሊዝኛው «ዘ» ወንድም ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ አያቶቻችን ቃሉን ከነአርቲክሉ ጠቅልለው ወሰዱት። ስለዚህ «ለገሃሩ አካባቢ እንገናኝ» ስትሉ በአንዲት ቃል ሁለት «ዘ» ብላችኋል፣ አንዱ በፈረንሳይኛ ከፊት፣ አንዱ በአማርኛ ከኋላ።